አሥራ አራት እንቁላል በባትሪ ወደ ላስታ

ላሊበላ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ለማንበብ የፈለገ ሰው ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ፤ ብዙ አሉ። እኔ ያየሁት ሁለቱን ብቻ ነው፣ እነሱንም በሩጫ፣ ባሌ ባትሪ የሚሰካበት ቦታ ሲፈልግ። የእኔ ጽሑፍ ስለ ባትሪ ነው። ትንሽም ስለ ዶሮ።

መጀመሪያ ባሌን ላስተዋውቃችሁ። ደርበው ይባላል። ሠላሳ ዓመት በመብራት ሠራተኛነት አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቿን ነቅሎ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ ገጠመላት፤ ከአልጋው ሥር በግ በግ የሚያካክሉ ሁለት ባትሪዎች አጋደመ፤ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ዘረጋ። "ቤቴ" ይላታል። ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው፣ እኔ የምጠርገው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል አልነገረኝም።

የጉዟችን ምክንያት ታላቅ እህቱ እታለማሁ ናቸው። ከገነተ ማርያም ወዲህ ባለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሚተዳደሩትም በዶሮ ነበር። በመስከረም ፈንግል ገባና አንዲት ሳያስተርፍ ፈጀባቸው። ሌላ ወንድም ቢሆን ከላሊበላ ገበያ ዶሮ ያስገዛላቸው ነበር። ደርበው ግን ብዙ ትጥላለች የተባለች ዝርያ አሥራ አራት እንቁላል መርጦ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መፈልፈያ ሣጥን ውስጥ ከቶ በረንዳችን ላይ ማሞቅ ጀመረ። ዶሮ ለመፈልፈል ሃያ አንድ ቀን ይፈጅባታል፤ እኛ በአሥራ አምስተኛው ቀን ተነሣን።

"ተፈልፍለው ብንወስዳቸው ምን ይላል?" አልኩት።

"ጫጩት መንገድ ላይ ይሞታል፤ እንቁላል ግን ቤቱ ውስጥ ነው" አለኝ። ከዚያ እውነቱን ተናገረ። "እህቴ ዓይኗ እያየ እንዲፈለፈሉ እፈልጋለሁ።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሣጥኑ ለሰባት ቀን መቀዝቀዝ የለበትም፤ ሣጥኑ እንዳይቀዘቅዝ ባትሪው መሙላት አለበት። ባትሪው ከሞተ እንቁላሎቹም ይሞታሉ፣ እታለማሁም መጪውን ክረምት በባዶ ቤት ይገቡታል። ወቅቱ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነበር፤ አገር ሁሉ እንቁላል ትቶ የየቤቱ ዶሮ ሁሉ በታቀፈበት ጊዜ እኛ ወደ ገጠር እንቁላል እንጭናለን።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከጀሞ ኮምቦልቻ

ገና ሳይነጋ ወጣን። መሪው አጠገብ የባትሪውን ኃይል በቮልት የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ደርበው እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መንገዱን ያየው አልፎ አልፎ ነው። "አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት" ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ "አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት" ይለኛል። እኔ አርባ ልጆች ባሉበት ክፍል ሒሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ መሰልቸት አይቼ አላውቅም።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ፀሐይን ሸሸጋት። ሶላሩ ምንም አልሰጠም። "አታስቢ፣ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዲናሞው ይሞላዋል" አለ። እኔ ሳላስብ ነበር የተቀመጥኩት፤ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

ኮምቦልቻ የደረስነው ወደ ማታ ነው። እኔ ሆቴል አልጋ ልያዝ ስል እሱ በግቢው መኪናዋ ውስጥ እንደር አለ፣ ተሠርታ የለ እንዴ ብሎ። የሆቴሉ ባለቤት፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ ክፍል ሳንከራይ ግቢዋን መያዛችን ቅር ሊላት ሲገባ አንድ ትሪ የጾም በያይነቱና አንድ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ይዛ መጣች። "እመቤቴ፣ እንቁላል አልጋ ላይ ተኝቶ ሰው የት ሊተኛ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሣጥኑ በአልጋው ግማሽ ላይ ነበር። ጀሞ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም፤ የታችኛው ፎቅ ሰው የሣጥኑ ድምፅ አላስተኛኝ ብሎ ለኮሚቴ ከሶናል።

ሁለተኛው ቀን፣ ከኮምቦልቻ ጋሸና

ከወልዲያ ከወጣን በኋላ አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው ወጣት ነው፤ ውስጥ ገብቶ ቀይ መብራት የሚያበራና ጢጥ የሚል ሣጥን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንቁላል ነው" አለ ደርበው።

"በጾም?"

"አይበላም፤ ይፈለፈላል።"

"ታዲያ ለምን ይጮሃል?"

"ሙቀቱን እየነገረን ነው።"

ጠባቂው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ከተያዘ ሣጥኑም አብሮ ይያዝልኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደፈተሹን አልነግራችሁም፤ ፍራሹም ተገልብጧል። በመጨረሻ ደርበው አንዱን እንቁላል አውጥቶ በስልኩ መብራት ሥር ያዘለት። ቅርፊቱ ውስጥ ደም ሥሮች ታዩ፤ መሃል ላይ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየ። "ይሄስ ነፍስ አለው" አለና ለጓደኞቹ "ቀስ አድርጋችሁ አሳልፏቸው፣ እንዳይናጥባቸው" ብሎ ጮኸ። የእኛ ነፍስ ይህን ያህል አላሳሰበውም ነበር።

ጋሸና ስንቃረብ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከዲናሞው ወደ ባትሪዎቹ የሚሄደው ሽቦ ቀልጦ ነበር። ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት መንገድ ዳር አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገኘን። ሽቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና "ጌታዬ፣ ሆዱን ጎተራ አድርገው ጉሮሮውን ክር አደረጉት" አለ። ወፍራም ሽቦ አልነበረውም፤ ወልዲያ ተመለሱ አለን። የሠላሳ ዓመቱ ባለሙያ የቀለጠውን ሽቦ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ሽሮ ፈሰስ አዝዘን በላን። ወልዲያ አልተመለስንም፣ ደርበው ተራራ ወጥቶ የሚወርድ ሰው አይደለምና። ከእንግዲህ ተስፋችን ፀሐይ ብቻ ሆነች፤ ላም አለኝ በሰማይ።

ሦስተኛው ቀን፣ ከጋሸና በላሊበላ በኩል እስከ መንደሯ

ላሊበላ የገባነው መብራት ላይ ሰክተን ባትሪውን እንሞላለን ብለን ነው። ሆቴል ስንጠይቅ መብራት የለም፤ ሌላ ሆቴል ስንጠይቅ እዚያም የለም። ቱሪስት የራቀው የአንድ ሆቴል ባለቤት በረንዳው ላይ ተቀምጦ "ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዛሬ ይመጣል ብለውናል" አለ። "ትናንትስ ምን ብለው ነበር?" አልኩት። "ዛሬ ይመጣል ነው ያሉት።" ጀሞ ያለሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ሰውዬው ሻይ አፍልቶ አጠጣን፤ ጥብስ ቅጠልና ዳቦ አስያዘን። ደርበውን ግን ማንም ሊያጽናናው አልቻለም፤ የመብራት ሠራተኛ መብራት ለምኖ ሲያጣ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ከሰዓት በፊት መንደሯ ደረስን። እታለማሁ ወንድማቸውን አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ አሥራ አንድ ዓመት አልተያዩም። እኔንም ሳሙኝ፣ "የኔ ዓለም፣ ከሳሽሳ" አሉኝ። አልከሳሁም፤ ግን ደስ ይላል።

አሁን የላስታን ሰው ደግነት ስሙ። ጎረቤታቸው አያ ሲሳይ፣ ስድሳ የዘለሉ ገበሬ፣ ከነበትራቸው መጥተው መኪናችን የምትቆምበትን አሳዩን። በአካባቢው ያለች ብቸኛ ትልቅ ወይራ ሥር። ጥላው እንደ ድንኳን ነው።

"አያ ሲሳይ፣ እኛ ፀሐይ ነው የምንፈልገው" አለ ደርበው።

"እንግዳን ፀሐይ ላይ?" አሉ አያ ሲሳይ። "ይኸ ነውር አይዶለም እንዴ? አገር ምን ይለናል?"

ደርበው ስለ ሶላር ሊያስረዳ ሞከረ። ሽማግሌው ፊታቸው ሲጠቁር አየና ይሉኝታ ያዘው። መኪናዋን ጥላው ሥር አቆመ። ያን ቀን ሙሉ፣ ሰማይ ላይ አንዲት ደመና ሳትኖር፣ የእኛ ሶላር በክብር እንግድነት ጥላ ሥር ዋለ። ወደ ማታ መስኮቷ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ አለች፤ ባትሪው በግማሽ ጎደለ ማለት ነው።

የገብስ ቂጣ በተልባ እየበላን እታለማሁ ሌላ ነገር ነገሩን። ከአያ ሲሳይ ቤት ጋር ተኳርፈዋል። በመስከረም የአያ ሲሳይ ሚስት ይርገዱ ከገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዝታ መጣች፤ ፈንግሉ የገባው በእሱ ነው። የይርገዱ ዶሮዎች ግማሾቹ ተረፉ፣ የእሳቸው ሁሉም አለቁ። "ሲሳይ ደግ ሰው ነው፤ ለእንግዳ ሰላምታ ይምጣ" አሉ እታለማሁ። "እሷ ግን ከደጄ አትደርስም። እኔም ከደጇ አልደርስ። ስድሳ እርምጃ ነው፤ ከመስከረም ወዲህ አልረገጥኩት።"

አራተኛው ቀን፣ ገነተ ማርያም

ደርበው በማለዳ ተነሥቶ መኪናዋን ከጥላው አውጥቶ ሜዳ ላይ አቆማት። ፀሐይዋ ስትወጣ ቁጥሩ ወደ ላይ ሲል አየንና ሦስታችንም በእግር ገነተ ማርያም ለመሳለም ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት ተፈልፍሎ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ያለ ባትሪ። ይህን ለደርበው ነገርኩት። አልሳቀም።

ስንመለስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። መኪናችን ክምር መስላለች። ጣሪያዋ ላይ ጭድ ተነስንሶ፣ በጭዱ ላይ የአውድማ ሸራ ተዘርግቶ፣ በሸራው ላይ ጠፍር ተጠፍሮ፣ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ተንጠልጥሏል። አያ ሲሳይ አጠገቧ ቆመዋል፤ ደክሟቸዋል፣ ደስ ብሏቸዋል።

"ገና በጠዋቱ በዚያ በኩል ደመና አየሁና" አሉ፣ ወደ አሸተን ማርያም ተራራ እየጠቆሙ። "በዚህ ወር የሚጥለው በረዶ ድንጋይ ነው። ያ መስታወት አንድ በሬ ያወጣል ሲባል ሰምቼ፣ እንግዳዬ ሳይኖር ተሰበረ እንዳይባል ብዬ ሸፈንኩላችሁ።"

በረዶው አልጣለም። ሸራው ተፈትቶ ጭዱ ሲራገፍ ደመናው የምር መጣና ፀሐይዋን ይዟት ገባ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረችው ቀይ መብራት ጠፋች። ደርበው ክዳኑ ላይ እጁን አድርጎ ቀረ። ያን ጊዜ አልቀለድኩበትም። እንቁላሎቹ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው ነበር፣ ውስጣቸው ጫጩት ሞልቷል።

እታለማሁ ግን ድምፃቸው መንደሩን አናጋ። "ዶሮዬን ፈጁ፤ አሁን ደግሞ እንቁላሌን! ያ ቤት ምን አድርጌው ነው?"

አያ ሲሳይ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ያን ሌሊት ሰባቱን እንቁላል እታለማሁ፣ ሰባቱን ደርበው በጋቢ ውስጥ ታቅፈው አደሩ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ደርበው ሳይገላበጥና ሳያንኮራፋ ሲያድር ያየሁት ያን ሌሊት ብቻ ነው። ለእኔ ያላደረገውን ለዶሮ አደረገ።

አምስተኛው ቀን

ገና ሲነጋ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ አየሁ፤ ጋቢዋ ከደረቷ ላይ አብጧል። "ደኅና አደራችሁ?" አለች። እታለማሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ይርገዱ መሆኗን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ጋቢዋን ገለጥ አደረገች። ትልቅ ገብስማ ዶሮ፣ ላባዋን ነፍታ እያጉረመረመች፤ ታቃፊ ናት።

"እቴ እታለም፣ ለእርስዎ አይዶለም የመጣሁ" አለች ይርገዱ። "ለእንቁላሉ ነው።"

ደርበው እንቁላሎቹን እንደታቀፈ ከእህቱ ወደ ይርገዱ፣ ከይርገዱ ወደ እህቱ ያያል። ከብዙ ጊዜ በኋላ እታለማሁ ግድግዳውን እያዩ "የምትቀመጥበት ጭድ ከጓሮ አለ" አሉ፤ ለዶሮዋ ይሁን ለይርገዱ አልለዩም።

ይርገዱ ጭዱን አምጥታ ቅርጫት ውስጥ ጎድጓዳ አበጀች። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እየሰማች ደረደረቻቸው። ዶሮዋን ስታስቀምጣት ክንፏን ዘርግታ በመንቁሯ ወደ ሥሯ ሰበሰበቻቸውና ዓይኗን ጨፈነች። ደርበው የስንት ወር ድካሙ፣ ባትሪው፣ ሽቦው፣ ሶላሩ በአንዲት ዶሮ ተተክቶ ሲያይ "ሙቀቷ ስንት ይሆን?" ብሎ ጠየቀ።

ስድስተኛው ቀን

ሳይደግስ አይጣላም፤ ፀሐይዋ ወጣች። የምታቃጥል፣ የደጋ ፀሐይ። ደርበው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሶላሩን በፎጣ ወለወለ፤ ወደ ሰባት ሰዓት ሲሆን እየሮጠ ገባ።

"ሞላ! አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት! እንቁላሎቹን ወደ ሣጥኑ እንመልሳቸው!"

"እጅህን ከዶሮዋ አንሣ!" አሉ እታለማሁ።

"እቴ፣ ማሽኑ እኮ አሁን ይሠራል።"

"ይሥራ! ከልክዬዋለሁ?"

በዚህ መሃል አያ ሲሳይ እየፈሩ ገቡ፤ ለጠፋው ጥፋት ይቅርታ ሊጠይቁ ነው የመጡት። ይቅርታ ሲጠይቁ ደግሞ የማይገባ ነገር አመለጣቸው። "ይርገዱ ከዶሮዋ ሥር የራሷን ዐሥር እንቁላል አውጥታ ነው ያመጣችላችሁ፤ ዐሥር ቀን የታቀፉ ነበሩ። እንዳትናገር ብላኝ ነበር" አሉ።

እታለማሁ ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ቅርጫት አነሡና ወጡ። እኔና ደርበው በሩ ላይ ቆመን አየናቸው፤ ያችን ስድሳ እርምጃ ሳይቆሙ ሄዱ። ይርገዱ ቤት ገብተው ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ መጀመሪያ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ ምንም። ሲመለሱ ይርገዱ ከኋላቸው ነበረች። ቅርጫቱ ውስጥ ምድጃ ዳር በጭድ ተጠቅልለው የቆዩ ዐሥር እንቁላሎች አሉ።

"ደርበው" አሉ እታለማሁ፣ "ያ ሣጥንህ እውነት የሚሠራ ከሆነ በእነዚህ አሳየኝ።"

እስኪፈለፈሉ ገና አሥራ አንድ ቀን ማለት ነው። እኛ የእኛዎቹ እስኪፈለፈሉ ብቻ ነበር የመጣነው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ከዚያ ብረት ነው ይባላል፤ ዝገት ድረስ ልንቆይ ነው አልኩ በልቤ። ደርበውን አየሁት፤ በሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲህ አልበራም።

ሰባተኛው ቀንና የተረፈው

በሰባተኛው ቀን ከገብስማዋ ሥር አሥራ አንድ ጫጩት ወጣ። ሦስቱ አልወጡም። እታለማሁ ዓይናቸው እያየ ነው የተፈለፈሉት፤ ደርበው ጎረቤት ሴቶች መሃል ተንበርክኮ እንደ ልጅ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፤ ልዋሽ አልችልም።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ደርበው ቀኑን ሙሉ መኪናዋን ከፀሐይዋ ጋር ያዞራል፤ አያ ሲሳይ ሸራቸውን ታጥፎ እንደታቀፉ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ደመና ባዩ ቁጥር "ልሸፍን ወይስ ልተው?" ብለው ያስፈቅዳሉ። እኔ የባቄላ ንፍሮ እየበላሁ ሁለት ሽማግሌ ሰማይ ሲጠብቁ አይ ነበር፤ ጀሞ ተመልሼ የምናፍቀው ይህን ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። በመጨረሻ ከዐሥሩ እንቁላል ሁለት ጫጩት ወጣ፤ አንደኛው አንካሳ ነው። ገብስማዋ አላውቃቸውም ብላ በመንቁሯ ስለወጋቻቸው ይርገዱ በደርበው አሮጌ ሹራብ ጠቅልላ ታሳድጋቸዋለች።

ታዲያ አሁን ጣጣው ማካፈል ሆነ። በአገሩ ልማድ ዶሮ የሰጠና እንቁላል የሰጠ ጫጩቱን እኩል ይካፈላሉ። አሥራ አንድና ሁለት አሥራ ሦስት ነው፤ አሥራ ሦስት ለሁለት አይከፈልም።

"ሰባቱን አንቺ ውሰጂ" ይላሉ እታለማሁ።

"ለእርስዎ ነው እንጂ ሰባቱ! የእኔ አውራ ዶሮ አይዶል እንዴ ቤትዎን ባዶ ያደረገው?"

"ዶሮዋ የማን ናት? እንቁላልሽንስ ማን አስጣለሽ?"

"ኧረ በማርያም፣ እምቢ አልኩ!"

ድምፃቸው ከዕርቁ ዕለት ጩኸት ይበልጣል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና አንካሳውን ለቤተ ክርስቲያን ስጡና ስድስት ስድስት ተካፈሉ አልኩ። ሁለቱም እኩል ዞረው "አንቺ ዝም በይ" አሉኝ። የተነሣንበት ጠዋት እታለማሁ ለመሸኘት ሲወጡ ይርገዱ አብራ ወጣች፤ ከመኪናዋ መስኮት ሥር ቆመው እኛን መሰናበት ረስተው ይከራከሩ ነበር። መታጠፊያው ላይ ዞሬ ሳይ ገና አልጨረሱም። እግዜር አያስጨርሳቸው።